«እጸልይልሃለሁ» ካልን በኋላ ምን እናድርግ?

ሰው ጭንቀቱን ሲያጫውተን ብዙዎቻችን አፍ ላይ ቶሎ የሚመጣው «እጸልይልሃለሁ» ነው። መልካም ቃል ነው፣ ከልብ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገሩ እዚያው ካበቃ ግን ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወቀሳቸውን ሰዎች ሆንን ማለት ነው። የሚለብሱት ያጡትን፣ የዕለት ጉርስ የሌላቸውን ወንድሞችና እህቶች «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብለው የሚሸኙትን ማለቴ ነው። ምርቃቱ ያምራል። የተመረቀው ሰው ግን እንደራበው ነው።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ የምር ጸልዩ። ቃል ገብቶ መርሳት ቀላል ስለሆነ፣ ከተቻለ እዚያው ሰውየው ፊት ጸልዩ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ከዚያ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጸሎት ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ ከስሙ ጎን የምታደርጉትን አንድ ነገር ከነቀኑ ጻፉ። አንድ ብቻ። ብዙ የጻፈ ሰው አንዱንም ሳያደርግ ሳምንቱ ያልፍበታል።

«የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» የሚለውን አባባል ብንተወው ደስ ይለኛል። በክፋት አንለውም፣ ግን የተቸገረ ሰው ማስቸገር ይፈራል፤ መልሱ ሁሌም «ምንም አልፈልግም፣ ተመስገን» ነው። ይልቅ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። «ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ ላምጣልሽ፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ።» «ነገ ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ፣ ስንት ሰዓት ልምጣ?» እንዲህ ሲባል እሺ ማለት ይቀላል። ሐዘንተኛ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ማብራሪያ ይዛችሁ አትሂዱ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ያበላሹት የመከራውን ምክንያት መተንተን ሲጀምሩ ነው።

ሉቃስ 10 ላይ ያለውን ደጉን ሳምራዊ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚገርመኝ ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰው አግኝቶ፣ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጭኖ እንግዳ ማረፊያ አደረሰው፣ በማግስቱ ለጠባቂው ሁለት ዲናር ከፈለ (አንድ ዲናር ያኔ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር)፣ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። የራሱን ጉዳይ ጥሎ እዚያ አልከረመም። ግን ከዚህ በላይ የምታወጣውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ። ስመለስ! እኛ የሚጎድለን ይቺ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ይመጣል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ከወር በኋላ ግን ስልኩም ጭር ይላል፣ ብቸኝነቱ የሚብሰውም ያኔ ነው። ስለዚህ ከሐዘን ቤት ስትወጡ ስልካችሁ ላይ ከወር በኋላ የሚጮህ ማስታወሻ ሙሉ። ሲጮህም ደውሉ።

ገንዘብ ላይ ስንመጣ ሉቃስ 19 ላይ ያለውን ሀብታሙን ቀረጥ ሰብሳቢ ዘኬዎስን ተመልከቱ። ሁለት ነገር ነው ያለው፦ ካለኝ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ያታለልኩትም ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ። እኛ የመጀመሪያውን እንወዳለን፣ ሁለተኛው ላይ እንለግማለን። ከመመጽወታችሁ በፊት ያላችሁበትን ዕዳ እዩ። የተበደራችሁትና ዝም ያላችሁት ብር አለ? ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ደመወዟ በጊዜው ይደርሳታል? ዘዳግም 24 የድሃውን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ ክፈል ይላል። የእሷን ደመወዝ አዘግይቶ መባ መስጠት ለእኔ ደግነት አይደለም።

የተጣላችሁት ሰው ካለ ማቴዎስ 5 መባህን መሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ይላል። ስትሄዱ «ቅር ካሰኘሁህ ይቅርታ» አትበሉ፤ እሱ ጥፋቱን ወደ ተበዳዩ ስሜት መግፋት ነው። «ሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ፣ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ» በሉና ዝም በሉ። «ግን አንተም...» የምትለዋን ዋጧት። ወዲያው ይቅር ላይላችሁ ይችላል፣ ጊዜ ስጡት። የሚደበድባችሁን ሰው ይቅር ማለት ግን ወደሚደበድባችሁ ቤት መመለስ አይደለም። መጀመሪያ ራሳችሁን አድኑ፣ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

የረዳችሁትን ሰው ፎቶ አትለጥፉ። በቃ።

«እኔ ምን አለኝ?» ለምትሉ፣ ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃ ልብስ መስፋት ነበር የምትችለው፤ ስትሞት መበለቶቹ የሰፋችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩት አለቀሱ። እናንተም ከምትችሉት ጀምሩ። ሒሳብ የምትችሉ የጎረቤትን ልጅ አስጠኑ፣ መኪና ያላችሁ መራመድ ያቃታቸውን እናት ቤተክርስቲያን አድርሳችሁ መልሱ፣ ከአልጋ መነሳት የማትችሉ ደግሞ ብቻውን ለሚኖር ሰው ደውላችሁ አጫውቱት።