ኢንሹራንሱ ዋጋ ሲቀንስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለዳር ከተማ ስፔሻሊስቶች

ይሄን የምጽፈው ጠዋት መንግሥት ሆስፒታል ውላችሁ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጣፎ ወይም ቡራዩ ላይ የራሳችሁን ክሊኒክ ለምትከፍቱ ስፔሻሊስቶች ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የክሊኒክ ሂሳብና ክሌም (ለኢንሹራንስ የሚላክ የክፍያ ጥያቄ) ነው የምሠራው፤ እናንተ ያያችኋቸውን ሰዎች ወረቀት ተሸክሜ ኢንሹራንስ ቢሮ ደጅ የምጠናው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ሕክምናው አላወራም፣ ስለ ብሩ ነው።

ክፍያ ሲቀነስ አብዛኛው ሐኪም ቶሎ የሚመጣለት «በቃ ብዙ ሰው ላይ» የሚል ሐሳብ ነው። ካልሆነም «ከኢንሹራንስ ጋር መሥራቱ ይቅርብኝ»። ሁለቱም አንዳንዴ ልክ ናቸው። ግን ሂሳቡ ሳይሠራ አይወሰንም።

መጀመሪያ ቅናሽ መምጣቱን ራሱ እወቁ። ሁሌ በደብዳቤ አይመጣም። አሜሪካኖቹ ቢያንስ በግልጽ ይነገራቸዋል። ሜዲኬር የሚባለው፣ በዋናነት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የቆመው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ የሐኪሞችን ክፍያ የሚያሰላበት አንድ ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ 33.29 ዶላር የነበረው በ2025 ወደ 32.35 ወረደ፤ 2.83 በመቶ መሆኑ ነው። የሐኪም ማኅበራቱ ጮሁ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ድረስ ሄዱ። እኛ ጋ ማንም ምንም ሳይነግራችሁ ይቀነሳል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። ሪኤጀንቱ (የላብራቶሪው ኬሚካል)፣ የአልትራሳውንድ ወረቀቱ፣ የማሽኑ መለዋወጫ ከውጭ ነው የሚመጣው። ውሉ ላይ ያለው ዋጋ ደግሞ ንቅንቅ አላለም። ይሄ ቅናሽ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? እናም ውሉን ከመሳቢያ አውጡና የተፈረመበትን ቀን እዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የገዛችሁበትን ደረሰኝ ከጎኑ አስቀምጡ።

ቀጥሎ፣ ከመናደዳችሁ በፊት፣ ያልተከፈላችሁን ቁጠሩ። የሦስት ወር ክሌም አውጡና ስንት ጠየቅን፣ ስንት ተከፈለን፣ መቼ ተከፈለን ብላችሁ ጻፉ። እኔ ባየሁት፣ ብዙ ክሊኒክ ከዋጋ ቅናሹ በላይ የሚያጣው ውድቅ በተደረገ ክሌም ነው፤ ማንም ግን አይቆጥረውም። ክምሩን አንድ በአንድ ግለጡት። የምርመራ ውጤት በሚለው ቦታ «ክትትል» ብቻ ተጽፏል፣ የምን ክትትል እንደሆነ የለም። ማህተሙ ፊርማው ላይ አርፎ ፊርማው አይነበብም። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሕክምናው ከተሰጠበት በኋላ ነው። መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» የተባለው ሰውዬ እኛ ካርድ ላይ «ሀይሉ» ሆኗል፣ እና ያኛው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው! ሳቅ ሊያስመጣ ይችላል፣ ግን ለዚህ ተብሎ የተመለሰ ወረቀት በእጄ ይዤ አውቃለሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስሙን ሰውዬው እንደነገራት ሳይሆን መታወቂያውን እያየች ትገልብጥ። እናንተ ደግሞ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ የበሽታውን ስም በሚነበብ ጽሕፈት ጻፉ። (የሐኪም ጽሕፈት ላይ አስተያየት አልሰጥም።) ክሌሙን ወር እስኪያልቅ አታጠራቅሙት፣ በየሳምንቱ ላኩት።

አሁን ወደ ዋናው ሂሳብ። አልትራሳውንድ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የእኔ ናቸው፣ በራሳችሁ ተኩዋቸው። ኢንሹራንሱ 600 ብር ይከፍል ነበር፣ 500 አደረገው። ጄል፣ ወረቀት፣ ጓንት፣ ለባለሙያው በሰው የሚታሰብ ክፍያ ተደምሮ 200 ይሁን። ኪራይ፣ ጥበቃ፣ የካርድ ክፍል ደሞዝ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ ለአንድ ምርመራ ሲካፈል 220 ይምጣ። ድሮ 180 ብር ይተርፍ ነበር፣ አሁን 80። ዋጋው 17 በመቶ ቢቀንስ ነው፣ ትርፉ ግን ከግማሽ በላይ ሄደ።

እነዚህን ሁለት ወጪዎች እንዳትደባልቁ። 200ው የሚወጣው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። 220ው ግን ሰው መጣም ቀረም ይወጣል፤ አከራዩ እንደሆነ ወንበራችሁ ባዶ ነበር ብሎ አይምራችሁም። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት ክሊኒኩ ጭር ባለበት ሰዓት የሚመጣ የ500 ብር ታካሚ 300 ብር ለኪራይ ያዋጣል፣ ተቀበሉት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ኮሪደሩ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ እየጠበቀ፣ ያው ታካሚ በሙሉ ዋጋ የሚከፍለውን ሰው ቦታ ነው የሚይዘው። ያኔ ቀጠሮውን ወደ ሥራ ቀን አዙሩት። ይሄን ስታደርጉ ለኢንሹራንሱ በግልጽ ንገሩ፣ ውሉም መፍቀዱን አረጋግጡ። ድንገተኛና የሚያስጨንቅ ሕመም ደግሞ ሰዓት አይመረጥለትም፤ ይሄ ድርድር የለውም።

«ብዙ ሰው ላይ» ወደሚለው እንመለስ። በዚሁ ምሳሌ በቀን 10 ሰው ታዩ ከነበረ፣ ያጣችሁትን ለመመለስ 13 ወይም 14 ማየት ሊኖርባችሁ ነው። ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ትሰጡ ከነበረ ወደ 11 ይወርዳል። መጀመሪያ ነገር ትርፎቹ ሰዎች ከየት ይመጣሉ? ኮንዶሚኒየሙ ገና ግማሹ ሰው አልገባበትም። ሲቀጥል፣ ሰው ሲጠፋ እጅ ሳይታወቀው ወደማያስፈልግ ምርመራ ይሄዳል። ይሄ ሐሜት አይደለም፣ ተጠንቷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ ለካንሰር መድኃኒቶች ለሐኪሞች የሚከፈለውን በ2005 በጣም ቀነሰ። ኪሞቴራፒ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ጨመረ። ሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ካወቁ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ኪሞ የጀመሩት ከ16.5 ወደ 18.9 በመቶ ከፍ አሉ፤ ሐኪሞቹም ትርፉ ከጠፋበት መድኃኒት ትርፍ ወዳለበት ዞሩ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ኪራይ አለባቸው። ስለዚህ ከቅናሹ በፊትና በኋላ ከመቶ ታካሚ ለስንቱ አልትራሳውንድ እንዳዘዛችሁ በየወሩ ተመልከቱ። ቁጥሩ ከፍ ካለና ሕመሙ ካልተቀየረ፣ ያዘዘው ኪሳችሁ ነው።

ድርድር ላይ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «ኑሮ ተወደደ» ማለት ማንንም አያንቀሳቅስም፣ ለእነሱም ተወዷል። የሪኤጀንት ደረሰኝ፣ የምርመራ አንዱን ወጪ፣ በሦስት ወር ያያችሁትን ሰው ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋ አንጨምርም ካሉ ሌላ ነገር ጠይቁ። በአራት ወር የሚከፍሉትን በአንድ ወር ይክፈሉ። ውድቅ ያደረጉትን ምክንያቱን ጽፈው በአሥር ቀን ይመልሱ። ዋጋ ሲቀይሩ ከሁለት ወር በፊት ያሳውቁ። በዚህ የዋጋ ንረት አራት ወር የዘገየ 500 ብር 500 ብር አይደለም፣ እና የክፍያውን ቀን ማሳጠር ብዙ ጊዜ ዋጋ ከማስጨመር ይቀላል።

ከጎረቤት ክሊኒኮች ጋር ተሰብስቦ «ሁላችንም ከዚህ በታች አንሠራም» ብሎ መማማል ግን ይቅር። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ተወዳዳሪዎች ዋጋ ተስማምተው መወሰንን ይከለክላል። በሙያ ማኅበራችሁ በኩል የወጪ ጥናት ማቅረብ ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን ታካሚውን «በእጅ ጨምር» ማለትም አይሆንም። በአብዛኛው ውሉ ይከለክለዋል፣ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ የዓመት መዋጮውን ከፍሎ ነው የመጣው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ውል በዋናነት ከመንግሥት ተቋማት ጋር ስለሆነ፣ ካርዱን ይዞ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ጠዋት እዚያ ያያችሁት ሊሆን ይችላል። እሱን «ከሰዓት ክሊኒኬ ና» ማለት ሆስፒታሉ ሲከፈለው የዘገየውን ብር ከደሀ ኪስ ማስከፈል ነው። ይሄን ሲያደርጉ የማያፍሩ ስላሉ ነው የማነሳው።

ይሄን ሁሉ ሞክራችሁ ዋጋው በየታካሚው ከሚወጣው ወጪ (በምሳሌያችን ከ200ው) በታች ከወረደ፣ እያንዳንዱ ሰው በገባ ቁጥር ትከስራላችሁ፤ ውሉን ልቀቁት። ወይም ወጪውን ተካፈሉት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜዲኬር በግል ቢሮ ለሚሠሩ የልብ ምርመራዎች የሚከፍለውን ሲቆርጥ፣ ብዙ የልብ ሐኪሞች ቢሮአቸውን ለሆስፒታል ሸጠው ተቀጣሪ ሆኑ፤ ያው ምርመራ ሆስፒታል ውስጥ ሲሠራ የተሻለ ይከፈልበት ነበር። እዚህ ያን ያህል ርቃችሁ ሳትሄዱ አንድ ፎቅ ላይ ከሌላ ስፔሻሊስት ጋር ካርድ ክፍሉን፣ ላብራቶሪውንና ጄኔሬተሩን መጋራት ትችላላችሁ።

ስትለቁ በቅደም ተከተል ልቀቁ። መጀመሪያ በውዝፍ ያለውን ክሌም በሙሉ አስገቡና የተቀበሉበትን ፊርማ ያዙ፣ ምክንያቱም ከማቋረጫ ደብዳቤው በኋላ ስልክ የሚያነሳላችሁ አታገኙም። ከዚያ ውሉ በሚለው ጊዜ ውስጥ ደብዳቤውን ስጡ። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎቻችሁን ከመጨረሻው ቀን በፊት አንድ በአንድ ደውሉላቸው፣ የካርዳቸውን ኮፒና የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ስጧቸው፣ የኢንሹራንስ ካርዳቸውን የሚቀበለው ቅርብ ክሊኒክ የት እንዳለም ንገሯቸው።