ባዶውን ሳህን አትመኑት፦ ከጎንደር የውሃ ጥራት ላብራቶሪ ችግሮችና መፍትሄዎች

ከላብራቶሪ ውጤቶች ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ ዜሮ ነው። የመጠጥ ውሃ ስንመረምር ሳህኑ ላይ ቢጫ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ከታየ መንገዱ ግልጽ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ክሎሪን ይጨመራል፣ መስመሩ ይታጠባል። ዜሮ ሲሆን ግን ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዜሮው የመጣው ከውሃው ንጽህና ነው ወይስ ከእኛ ስህተት? ቴክኒሺያኑ ካልጠየቀ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

ይህን የምጽፈው ሥራውን በቅርቡ ለጀመራችሁ ባልደረቦቼ ነው። ደጋግሞ የገጠመኝን ብቻ አነሳለሁ።

ችግር፦ ሳህኑ ላይ ምንም አልበቀለም

ከቦኖ የመጣውን ውሃ 100 ሚሊ ሊትር በ0.45 ማይክሮን ፊልተር አሳልፋችኋል። በ44 ዲግሪ አሳድራችኋል። ጠዋት ስትከፍቱት ሳህኑ ባዶ ነው። ኢ ኮላይ (ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚጠቁመው ባክቴሪያ) በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ጭራሽ መገኘት የለበትምና ጥሩ ዜና ይመስላል። መዝገቡ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ወደ ኋላ ተመለሱ።

መጀመሪያ ብልቃጡን ጠርጥሩ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ክሎሪኑ ሥራውን አያቆምም። ከማራኪ ወይም ከአዘዞ እስክትመለሱ ድረስ መንገድ ላይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ሰው የጠጣው ውሃ ሌላ፣ እናንተ የመረመራችሁት ሌላ ይሆናል። ለዚህ ነው ብልቃጡ ከመቀቀሉ በፊት ክሎሪኑን የሚያከሽፈው ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚጨመርበት። ለ100 ሚሊ ሊትር ከ1.8 በመቶው ፈሳሽ 0.1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ብልቃጡን በናሙናው ውሃ ማለቅለቅም የለም፤ መድኃኒቱ አብሮ ይደፋል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይህን ረስቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ዜሮ ጽፌያለሁ። የነቃሁት አንድ ቀን ያልታከመ ውሃ በዚያው ዓይነት ብልቃጥ ሳመጣ ነው። ያ ሳህን እንደ ምጣድ ሙሉ ነበር። ሚዲያውም (የባክቴሪያው ምግብ) ኢንኩቤተሩም (ሳህኑ በሙቀት የሚያድርበት ሣጥን) ደህና ነበሩ ማለት ነው። ችግሩ የነበረው ክሎሪን ያለበት ውሃ ላይ ብቻ ነው። ያን ሳምንት የጻፍኩትን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ናሙና ለመውሰድ ዞርኩ። እስከ ዛሬ ብልቃጥ ሳዘጋጅ ያ ሳምንት ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀቱ ነው። 44 የነበረው ወደ 46 ከወጣ የምንፈልጋቸውም ላይበቅሉ ይችላሉ። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ጠዋት 44 ላይ ታገኙታላችሁ። የጠዋቱ ንባብ የሌሊቱን አይናገርም። ዝቅተኛና ከፍተኛውን ይዞ የሚያሳድር ቴርሞሜትር ውስጡ ይቀመጥ። ሙቀቱ ሌሊት ወድቆ ከነበረ ሳህኖቹን ጥላችሁ ናሙናውን ድገሙት። «ትንሽ ነው የጠፋው» ብሎ ማለፍ የለም።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ክሎሪን የነካው ባክቴሪያ ቆስሎ ነው የሚመጣው። በቀጥታ 44 ላይ ከከተታችሁት አያገግምም። ቢያንስ አንድ ሰዓት በክፍሉ ሙቀት ይቆይ። ፈነሉን በሜታኖል እሳት የምታጸዱም ከሆነ ክዳኑን ከፍታችሁ እስኪቀዘቅዝና ጢሱ እስኪወጣ ጠብቁ። የሚቀረው ፎርማልዲሃይድ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

መፍትሄው በአንድ ልማድ ይጠቃለላል። ክሎሪን ካላገኘው የአንገረብ ግድብ ውሃ ጥቂት በንጹሕ ውሃ አቅጥናችሁ በየሳምንቱ አንድ ሳህን አብራችሁ አሳድሩ። ያ ሳህን ካልበቀለ የሌሎቹ ዜሮ ዋጋ የለውም። ይህ ብልቃጡን አይፈትሽም፤ ለብልቃጡ ታዮሰልፌት የተጨመረበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫው ኮሎኒ ሳህኑ ሲቀዘቅዝ ቀለሙን ይለውጣል። ከኢንኩቤተር እንዳወጣችሁ ወዲያው ቁጠሩ። ስልክ አንስታችሁ ብትመለሱ ቁጥሩ ሌላ ነው።

ችግር፦ ማነጻጸሪያው በቀለ

ይህ የተገላቢጦሹ ነው። ምንም ናሙና የሌለበት፣ የተቀቀለ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለፈበት ሳህን ላይ ኮሎኒ ታያላችሁ። የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ ይጣላል።

ብዙዎች እጃቸውን ወይም ጠረጴዛውን ይወቅሳሉ። አንዳንዴ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ከሁሉ በፊት የአገሩን ከፍታ አስቡ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአውቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት ግፊት የሚመክንበት ማሽን) መመሪያ «15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል» ሲል ስለ ባሕር ዳርቻ እያወራ ነው። እኛ ጋ የግፊት ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ገደማ ነው። 4 ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ማምከኑን ግን ከግማሽ በታች ታወርደዋለች።

ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ጌጁን ወደ 18 ተኩል አድርሱት። መጀመሪያ የማሽኑን የመጨረሻ ገደብ እዩ፤ ከገደቡ በላይ ማስጨነቅ አደጋ ነው። ክብደቱ 15 ላይ የታሰረ ድስት ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አርዝሙ። ለብርጭቆና ለብልቃጥ 15 ደቂቃ የነበረውን 40 አድርጉት። ሚዲያ ግን ብዙ ሲቀቀል ስኳሩ ይበላሻል፤ በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው አትውጡ።

መስመር ያለበት ቴፕ ጥቁር ስለሆነ ብቻ አትርኩ። ቴፑ ሙቀት እንደነካው እንጂ እንደመከነ አይመሰክርም። በየጊዜው በስፖር (ሙቀት በሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) ማረጋገጫ ፈትሹት።

ችግር፦ የክሎሪኑ ንባብ እምነት የማይጣልበት ሆነ

ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ውስጥ የተረፈው) በዲፒዲ ዱቄት ሲለካ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ቀለሙ ከበረታ ክሎሪኑ በዛ፣ ከሳሳ አነሰ። ሕዝብ ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንፈልጋለን። ማከሚያው ላይ ደግሞ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ 0.5።

ሮዙ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ክሎሪን የለም እንዳትሉ። ከመጠን በላይ ሲበዛ ቀለሙን ራሱ ያነጣዋል። ናሙናውን በዲስቲልድ ውሃ አሥር እጥፍ አቅጥኑትና ለኩ፤ ያገኛችሁትን በ10 አባዙ። መስመር ከታጠበ በኋላ ይህ በተደጋጋሚ ይከሰታል።

ሮዙ እየቆየ እየጠቆረ የሚሄድ ከሆነ ነጻው ክሎሪን (ከሌላ ነገር ጋር ያልተዋሃደው) አይደለም የሚጨምረው። ዱቄቱን ከጨመራችሁ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንብቡ። ግድቡ ታች ያለው ውሃ አየር ሲያጥረው ማንጋኒዝ ይለቃል። ያም ክሎሪን ሲነካው በዲፒዲ ላይ ሮዝ ይሰጣል። ስትጠራጠሩ በዚያው ናሙና ማንጋኒዝ ለኩ።

በሁሉም ቦታ ዜሮ ካነበባችሁ ደግሞ የያዛችሁትን ብልቃጥ እዩ። የባክቴሪያውን ብልቃጥ ከሆነ የያዛችሁት ታዮሰልፌቱ ክሎሪኑን ጨርሶታል። ክሎሪን እዚያው ቧንቧው ሥር ይለካል፣ በሌላ ንጹሕ ዕቃ።

ብልቃጡም ሪኤጀንቱም ደህና ሆኖ ንባቡ አሁንም ዝቅ ካለ ወደ መጋዘኑ ሂዱ። የክሎሪኑ ዱቄት አዲስ ሲሆን ከ65 እስከ 70 በመቶ ጉልበት አለው። በርሜሉ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ከከረመ ግን እርጥበት ይበላዋል። ኦፕሬተሩ እንደ ትናንቱ ያህል ኪሎ ይጨምራል፣ የሚገባው ክሎሪን ግን የትናንቱ አይደለም። በታይትሬሽን ጉልበቱን ለኩና አዲሱን መጠን ለኦፕሬተሩ በወረቀት ስጡት። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ውሃው ከማጠራቀሚያው ቶሎ ስለሚወጣ 30 ደቂቃውን ሳይቆይ ሰው ጋ ይደርሳል።

ችግር፦ ድፍርስነቱ ተተረማመሰ

መጀመሪያ መሣሪያው። ቀዝቃዛ ናሙና ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ሲገባ ብልቃጡ ላብ ያወጣል። ላቡ እንደ ጭቃ ይነበባል። የጣት አሻራ፣ ጭረትና የአየር አረፋም እንዲሁ። ውሃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፣ በስስ ጨርቅ ጥረጉ፣ ምልክቱን ከምልክቱ አጋጥሙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልወረደ ውሃው ራሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንገረብ የሚያመጣውን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። ትናንት የሠራ የአልሙኒየም ሰልፌት መጠን ለዛሬ አይሠራም። ስድስት ብርጭቆ ደርድራችሁ የጃር ሙከራ ሥሩ። 10 ግራም በአንድ ሊትር በጥብጡ፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ለ20 ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ አስቀምጡ። ፈልጉ የምላችሁ የጤፍ ፍሬ የሚያክል፣ ጎንበስ ብላችሁ ስታዩት እየተንከባለለ የሚወርድ ብናኝ ነው። ስድስቱም ከደፈረሱ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) ለኩ። ኬሚካሉ የውሃውን አልካላይኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ይበላል፤ በ1 ሚሊ ግራም ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ። ፒኤቹ ከ6 በታች ከወረደ ኬሚካል መጨመር ያባብሰዋል፣ ኖራ ነው የሚያስፈልገው።

ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በላይ የሆነ ውሃ አይወጣም። ከ1 በታች ማውረድ ደግሞ ይሻላል፤ ጀርሙ በአፈሩ ሥር ተሸሽጎ ከክሎሪን ያመልጣል።

ፒኤች ሜትሩ ቁጥር እየቀያየረ አልረጋ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮዱ ደርቋል። 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሩት፣ በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ግን አታስቀምጡት። አዲስ በፈር (ፒኤቹ የታወቀ ፈሳሽ) ክፈቱና በ7 እና በ4 አስተካክሉ። የተጠቀማችሁበትን በፈር ወደ ጠርሙሱ አትመልሱ።

ችግር፦ ማከሚያው ላይ ንጹሕ፣ ቤት ላይ ቆሻሻ

ይህኛው ሰውን ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ብርጭቆ ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ታች ላይ ቡናማ ዝቃጭ ነበር። «ልጄ፣ ላፍላው ወይስ ልድፋው?» አሉኝ። ቁጥር አልጠየቁኝም።

«እማማ፣ የመጀመሪያውን ይድፉት። ሲጠራ የሚመጣውን ቀድተው ያፍሉት፣ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ» አልኳቸው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለምንኖር ነው 3 ደቂቃ ያልኩት።

ምክንያቱ ፈረቃው ነው። መስመሩ ባዶ ሲቀር ውስጡ ይስባል። ቧንቧው የተቀደደ ከሆነ ከውጭ ያለውን እርጥብ አፈርና ፍሳሽ ይምገዋል። ውሃው ሲለቀቅ ያን ገፍቶ ይመጣል።

ሌላው ግቢ ውስጥ ያለው ሮቶ (የውሃ ታንከር) ነው። ስለዚህ በአንድ ናሙና አትፍረዱ። አንዱን ከማጠራቀሚያው፣ አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ፣ አንዱን ከሮቶው በኋላ ውሰዱ። የብረቱን ቧንቧ አፍ በአልኮል ጥጥ አቃጥሉ፤ ፕላስቲክ ከሆነ በክሎሪን ጥረጉት። አንድ ሁለት ደቂቃ አፍስሱ። በበረዶ ሣጥን ይዛችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ግቡ። የቆጣሪው ንጹሕ ሆኖ የሮቶው ከቆሸሸ ሮቶው ይታጠብ። የማጠራቀሚያው ንጹሕ ሆኖ ሁለቱም ከቆሸሹ የጥገና ሠራተኛ አብሯችሁ ይሂድ፤ ቀዳዳው በማጠራቀሚያውና በቆጣሪው መሃል ነው።

የእማማ ቤት የቆጣሪው ናሙና 14 ኮሎኒ አወጣ። ቱቦው መንገዱ ሥር ተሰንጥቆ ተገኘ። ከተጠገነና ከታጠበ በኋላ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን እዚያው ቧንቧ ላይ ደግሜ ወሰድኩ፣ ሁለቱም ባዶ ሆኑ። አብሬ ያሳደርኩት የአንገረብ ውሃ ሳህን ግን በቅሎ ነበር። ያኔ ነው ሄጄ በራቸውን ያንኳኳሁት።