መድኃኒት የመስጠትን ሥራ ነርስ ላልሆነ ሠራተኛ በውክልና ስለማስተላለፍ

መድኃኒት የመስጠትን ሥራ ለጤና ረዳት ለማስተላለፍ ያሰበች ነርስ ከሁሉ አስቀድማ የአገሩ ሕግና የሆስፒታሉ የጽሑፍ መመሪያ ይህን መፍቀዳቸውን ማረጋገጥ አለባት። ካልፈቀዱ የሠራተኛ እጥረት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ከባዱ ጥያቄ የትኛው መድኃኒት፣ ለየትኛው ታካሚ የሚለው ነው። ሕመሙ የተረጋጋ ታካሚ በየቀኑ በተመሳሳይ መጠን የሚውጠው ክኒን ወይም የሚቀባው ቅባት ለውክልና ይመቻል። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) እና ሞርፊን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) ግን በትንሽ የመጠን ስህተት ሕይወት ሊያሳጡ ስለሚችሉ ከነርሷ እጅ መውጣት የለባቸውም። «ሲያስፈልግ ይሰጥ» ተብሎ የታዘዘም እንዲሁ ነው፤ ማስፈለጉን መወሰን የሙያ ፍርድ ይጠይቃልና። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ተራ ክኒን ቢመስልም፣ አስቀድሞ የልብ ምት ተቆጥሮ የአዋቂው ምት በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጥ ሐኪም የሚጠየቅበት ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ለረዳት ሊተው አይገባም።

ረዳቱ ሥልጠና መውሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ብቻውን አያስተማምንም፤ ነርሷ አጠገቡ ቆማ ሲሠራ ትየው። ታካሚውን «አቶ እገሌ ነዎት?» ብሎ ከጠየቀ ታርመው፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የተጫነው ሰው ለማንኛውም ስም «አዎ» ሊል ይችላል። ታካሚው ራሱ ሙሉ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ይናገር፣ ያም ከእጅ አምባሩና ከመድኃኒት መመዝገቢያው ጋር ይመሳከር፤ የአልጋ ቁጥር መለያ አይደለም። ረዳቱ ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ አይሂድ፣ መዋጡን ይይ፣ የሚፈርመውም ከዚያ በኋላ ነው። ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ክኒን ከተፈጨ መጠኑ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ስለሚገባ፣ ለመዋጥ የተቸገረ ታካሚ ሲያጋጥመው ሳይፈጭ ነርሷን ይጥራ።

ትእዛዙ «ለታካሚዎቹ መድኃኒት ስጥ» የሚል ጥቅል ቃል መሆን የለበትም። ታካሚው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱ ተለይተው ይነገሩ፤ ረዳቱም የሰማውን መልሶ ይናገር። ሽፍታ፣ የመተንፈስ ችግር ወይም ትውከት ካየ፣ ወይም ታካሚው አልወስድም ካለ ወዲያውኑ ያሳውቅ፤ የተተፋውን መድኃኒት በራሱ ውሳኔ አይድገም። እርግጠኛ ያልሆነበትን ሥራ አልሠራም ማለት መብቱ ነው፣ በዚህም ሊወቀስ አይገባም።

ሥራው ቢተላለፍም ታካሚውን መመርመርና መድኃኒቱ ያመጣውን ለውጥ መመዘን የነርሷ ድርሻ ሆኖ ይቀጥላል። የታካሚው ሁኔታ ከተለወጠ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ውክልናው ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ ነርሷም ይህን ለረዳቱ ነግራ በፈረቃ ርክክብ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች።