ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ዳይኖ ላይ ጉልበቱ ሲያንስ

ዳይኖ (የመኪናው ጎማዎች ሮለር ላይ እየዞሩ ጉልበቱ የሚለካበት መሣሪያ) ላይ የወጣው የፈረስ ጉልበት ከጠበቁት ስላነሰ ብቻ ሞተር ለማስፈታት አይቸኩሉ። አምራቹ የሚጽፈው ቁጥር የሞተሩ ነው፤ ሮለሩ የሚያነበው ግን ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ ድርሻቸውን ከበሉ በኋላ ጎማው ላይ የደረሰውን ነው። ፎር ዊል ድራይቭ ደግሞ የሚበላበት ቦታ ብዙ ነው።

ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ ይታፈናል፣ የኤቢኤስ መብራት ይበራል

የኋላ ጎማዎች ሮለር ላይ እየዞሩ የፊቶቹ ቆመዋል። ኮምፒውተሩ መኪናው የተንሸራተተ መስሎት ጉልበቱን ይቆርጣል። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ያጥፉ። በአንዳንድ መኪኖች ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አምራቹ ያዘጋጀው የዳይኖ ሞድ ካለ እሱን ይጠቀሙ።

የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ ከሥር ይጮኻል፣ መኪናው ከሮለሩ ሊወጣ ይታገላል

ወዲያው እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፤ ይህ ውድ ዕቃ የሚያቃጥል ችግር ነው። ማርሹ ሁለት ጎማ ላይ የሚገባ መኪና ከሆነ ወደዚያ ያስገቡትና በኋላ ጎማዎች ብቻ ይለኩ። ሁልጊዜ በአራቱም የሚነዳ ከሆነ ግን ባለ ሁለት ጎማ ዳይኖ ላይ እንዲሁ አይውጣ። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻል ወይም በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራው ማያያዣ የፊትና የኋላ ፍጥነት ሲራራቅበት ይግላል።

ትክክለኛው መፍትሄ የፊትና የኋላ ሮለሮቹ እኩል እንዲዞሩ የተያያዙበት ባለ አራት ጎማ ዳይኖ ነው። እዚያም ቢሆን የጎማዎቹ ዙሪያ ከተለያየ የፊትና የኋላ ፍጥነት ስለሚራራቅ ጎማዎቹን መለካት አይቅር። ጎማውና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፣ መኪናውን ገፍተው ጎማውን 10 ጊዜ ያዙሩና የተጓዘውን ርቀት ይለኩ፤ የፊቱንም የኋላውንም እንዲሁ። ዙሪያው 2.4 ሜትር በሆነ ጎማ 1 በመቶ ልዩነት 24 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታይዎታል። አዲስ ጎማ ከፊት፣ ያለቀ ከኋላ ካለ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ግራፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ይንቀጠቀጣል

ጎማው ሮለሩ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማ ለዚህ አይመችም፤ የአስፋልት ጎማ ይግጠሙ። ንፋሱን ያስተካክሉ፣ በጥርሱ መሃል የተሰነቀረ ጠጠር ካለ ያውጡ፤ በፍጥነት ከተተኮሰ ሰው ይጎዳል። ማሰሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅም ጎማውን ጨፍልቆ ጉልበት ይበላል።

ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል

ሙቀት ነው፣ በተለይ ተርቦ ሞተር ላይ። ጠንካራ ፋን ወደ ኢንተርኩለሩ (ከተርቦው የሚወጣውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) ያዙሩ፣ የሚገባው አየር ሙቀት ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ይጠብቁ።

ቁጥሩ ሊታመን እስከማይችል ይበዛል

አውቶማቲክ ካምቢዮ መሃል ላይ ማርሽ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። የሚለካው 1 ለ 1 በሆነው ማርሽ ነው፤ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ነው። በሪዱታ (በዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ) ፈጽሞ አይሞክሩ። ከፍታ ቦታ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ለዚህ ውጤቱ ላይ የሚጨመረውን ማካካሻ ለተርቦ ሞተር መስጠት ቁጥሩን ያሳብጣል። ማካካሻ ያልተጨመረበትንም ውጤት ይጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አሁንም ካነሰ፣ ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው በእጅ ያዙሩና የሚይዝ ፍሬን መኖሩን ይዩ። ከዚያ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የተርቦ ቱቦዎች፣ በመጨረሻም የነዳጅ ግፊት።