ትሬድሚል ላይ ያለ አውሮፕላን ይነሳል? እንቆቅልሹን በኃይል ስዕል፣ በስሌትና በጠረጴዛ ላይ ሙከራ እንዴት መፍታት ይቻላል

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ አውሮፕላን የማኮብኮቢያ ሜዳ በሚያህል ትሬድሚል (ቀበቶው ከሥር የሚሽከረከር የመሮጫ ማሽን) ላይ ቆሟል። አውሮፕላኑ ወደ ፊት በሄደበት ፍጥነት ልክ ቀበቶው ወደ ኋላ ይሄዳል። ይነሳል ወይስ ባለበት ይቀራል? ይነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ከብዶት ሳይሆን፣ ኃይሎቹን ሳይለይ ፍጥነት ከፍጥነት መቀነስ ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስዕል።

አውሮፕላኑን ከጎኑ ሳሉና በአግድም የሚያርፉበትን ኃይሎች ብቻ በቀስት አመልክቱ። ወደ ፊት የሞተሩ ግፊት አለ፤ ወደ ኋላ ደግሞ የአየር መከላከልና የጎማዎቹ የመንከባለል ሰበቃ። ሌላ የለም። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀስት ሥር ኃይሉ ከየት እንደመጣ ጻፉ። ሞተሩ አየርን ወደ ኋላ ይገፋል፣ አየሩም አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። መሬቱ በዚህ ግፊት ውስጥ ድርሻ የለውም። የመኪና ጉዳይ ሌላ ነው፤ የመኪና ሞተር ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱ ከሸሸ መኪናው ባለበት ይቀራል። የአውሮፕላን ጎማ ግን በኩሽኔታ ላይ በነጻ የሚሽከረከር መደገፊያ ብቻ ነው። በሮለር ስኬት ትሬድሚል ላይ የቆመ ሰው ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ ቢጎትት፣ ቀበቶው የቱንም ያህል ቢፈጥን ወደ ግድግዳው መሄዱ አይቀርም።

አሁን ቁጥር እናስገባ። 70,000 ኪሎግራም የሚመዝን፣ ሁለት ሞተሮቹ በድምሩ 220,000 ኒውተን የሚገፉ፣ በሰከንድ 75 ሜትር ሲደርስ የሚነሳ ጄት ውሰዱ። የመንከባለል ሰበቃ መለኪያው፣ ማለትም ሰበቃው ከክብደቱ ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ 0.015 ይሁን። ሰበቃው 0.015 × 70,000 × 9.81 (የመሬት ስበት)፣ ማለትም ወደ 10,300 ኒውተን ይሆናል። የቀረው 209,700 ኒውተን ለ70,000 ሲካፈል ሽምጠቱ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) በሰከንድ ካሬ 3 ሜትር ገደማ ነው። የአየር መከላከልን ለጊዜው ብንተው፣ 75 ሜትር በሰከንድ ላይ የሚደርሰው በ25 ሰከንድና በ940 ሜትር ገደማ ነው። በእውነተኛው ዓለም መከላከሉ ርቀቱን ያረዝመዋል፤ ለእንቆቅልሹ ግን ለውጥ አያመጣም፣ ምክንያቱም ክንፉ የሚያነሳው ከአየሩ አንጻር ባለው ፍጥነት ነው፣ አየሩ ደግሞ ከቀበቶው ጋር አይሄድም።

ቀበቶው የሚቀይረው ምንድን ነው? የመንከባለል ሰበቃ በዋናነት የሚወሰነው ጎማው ላይ ባረፈው ክብደት ነው፤ ፍጥነት የሚጨምርበት ከዚያ ያነሰ ነው። ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲጀምር ሰበቃው እንዲያውም ይቀንሳል። ሊዘነጋ የማይገባው ጎማዎቹን ለማሽከርከር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ነው። ጎማዎቹ በድምሩ 1,000 ኪሎግራም ቢሆኑና እንደ ድፍን ክብ ዝርግ ብንቆጥራቸው፣ ኃይሉ የክብደታቸው ግማሽ ሲባዛ በዙሪያቸው ሽምጠት ነው። በተራ ሜዳ 500 × 3 = 1,500 ኒውተን፣ በቀበቶው ላይ ጎማው በእጥፍ ስለሚፈጥን 500 × 6 = 3,000 ኒውተን። ልዩነቱ የግፊቱ 0.7 በመቶ ነው፤ መንደርደሪያውን የሚያረዝመው ከ10 ሜትር ባነሰ ነው። የሚያሰጋው ጎማው ነው። ሲነሳ የጎማው ዙሪያ በሰዓት 540 ኪሎሜትር ይሮጣል፤ የብዙ ትልልቅ ጄቶች ጎማ ግን የተሠራው እስከ 360 ኪሎሜትር ገደማ ነው።

ክርክሩ የማያልቀው አንዳንዶች ጥያቄውን «ቀበቶው ከጎማው ዙሪያ ጋር እኩል ይሮጣል» ብለው ስለሚያነቡት ነው። የጎማው ዙሪያ ፍጥነት የአውሮፕላኑና የቀበቶው ፍጥነት ድምር ስለሆነ፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አውሮፕላኑ ከቆመ ብቻ ነው። ይህን ለማስገደድ ቀበቶው 209,700 ÷ 500፣ ማለትም በየሰከንዱ ወደ 420 ሜትር በሰከንድ መፍጠን አለበት። በሩብ ሰከንድ የጎማውን ወሰን ያልፋል፣ ሰከንድ ሳይሞላ ደግሞ የድምፅን ፍጥነት። ስለዚህ ከመከራከር በፊት የትኛው ጥያቄ እንደተጠየቀ አጣሩ።

ሙከራው 1.5 ሜትር ጠረጴዛ ይፈልጋል። ጎማው በነጻ የሚሽከረከር የመጫወቻ መኪና ላይ ዳዶ ጭናችሁ 200 ግራም አድርጉት። ጠረጴዛው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከመኪናው የሰፋ ወረቀት ዘርጉ። መኪናውን ከኋለኛው ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ላይ አስቀምጡ፣ ክር ከፊቱ እሰሩና በፊተኛው ጫፍ ባለ ፑሊ ላይ አሳልፋችሁ 20 ግራም አንጠልጥሉ። ክሩ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ ይሁን፤ ካዘነበለ መኪናውን ያነሳዋል ወይም ይጫነዋል፣ ሰበቃውም ይዛባል።

አስቀድማችሁ ሰበቃውን ለኩ። መኪናውን 1 ሜትር ጣውላ ላይ አድርጉና፣ በትንሹ ስትነኩት ፍጥነቱን ሳይቀይር እስኪወርድ አንዱን ጫፍ አንሱ። 2 ሴንቲሜትር ካነሳችሁ መለኪያው 0.02 ነው። በዚህ መጠን ከ20 ግራሙ ጉተታ (0.196 ኒውተን) ሰበቃው (0.039) ተቀንሶ ለጠቅላላው 0.22 ኪሎግራም ሲካፈል፣ ሽምጠቱ (0.196 − 0.039) ÷ 0.22 = 0.71 ስለሚሆን፣ 50 ሴንቲሜትር በ1.2 ሰከንድ ገደማ መጨረስ አለበት። መለኪያው ከ0.05 ከበለጠ ግማሹን ጉተታ ሰበቃው ስለሚበላው የጎማውን ዘንግ ዘይት ቀቡት።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሳትነኩ መኪናውን ልቀቁና በስልክ ካሜራ ስሎ ሞሽን ቅረጹ። ቀጥሎ መኪናውን በጣት ይዛችሁ ወረቀቱን ወደ ኋላ መጎተት ጀምሩ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ሲረጋ መኪናውን ልቀቁ። ሰዓቱ እንደገና 1.2 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ብዙ ከዘገየ ወረቀቱን ነጥቃችኋል ማለት ነው፤ ንጥቂያ ጎማዎቹን በድንገት ለማሽከርከር ኃይል ይበላል። መኪናው ወደ ጎን ከሄደ ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ጎትቱ።

ከዚያ ክሩን ፈታችሁ በባትሪ የሚነዳ መኪና እዚያው ወረቀት ላይ አድርጉና በመኪናው ፍጥነት ልክ ወረቀቱን ወደ ኋላ ጎትቱ። ይሄኛው ባለበት ይቀራል፤ የሚገፋው ወረቀቱን ነዋ።