ዛፍ ስታስቆርጡ ጉቶው ረዥም ይሁን

ሐዋሳ ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ዛፍ ልታስወግዱ ካሰባችሁ፣ ቆራጩ ከመሬት እኩል አድርጎ እንዳይቆርጠው አስቀድማችሁ ንገሩት። እስከ ደረት የሚደርስ ግንድ ይተው። ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ መያዣ ስለሌለው፣ እሱን ለማውጣት ሙሉ ቀን በዶማ መታገል ነው። ረዥሙ ግንድ ግን ራሱ መፈንቀያ ይሆናል። ዙሪያውን ቆፍራችሁ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ ቁረጡ፤ ከዚያ ጫፉ ላይ ገመድ አስሩና ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ገመዱ ከፍ ብሎ በታሰረ ቁጥር ሥሩ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይበዛል። ገመዱ ከግንዱ በደንብ የረዘመ ይሁን፣ ሲወድቅ እንዳያገኛችሁ። የእኛ አሸዋማ አፈር ለዚህ ይመቻል፤ ማታ ውኃ ጠጥቶ ካደረ ደግሞ ዶማው ያለ ችግር ይገባል።

ከቤት መሠረት፣ ከግንብ አጥር ወይም ከውኃ ቧንቧ አጠገብ ያለውን ግን በፍጹም አትንቀሉ። ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡትና እዚያው ይበስብስ። ባሕር ዛፍ ከሆነ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ቀንበጡን ገና ለጋ ሳለ እየገነጠላችሁ ጣሉ። ቅጠል ካላገኘ ሥሩ ያከማቸውን ምግብ ጨርሶ ይሞታል፣ ጊዜ ቢወስድም።

አቮካዶን ደግሞ ፍሬው ስላነሰ ብቻ አትንቀሉት፣ በጣም ያሳዝናል። አንድ ሜትር ገደማ ላይ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በአዲሱ ቀንበጥ ላይ የተሻለ ዝርያ ማዳቀል ይቻላል።