12 ዙር ብቻውን ቦክሰኛን አያድንም፦ ዛሬም የሚደገሙ ስህተቶች

ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1982 ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠም ፍልሚያው የ15 ዙር ነበር። በ14ኛው ዙር መጀመሪያ ወደቀ። ገመድ ይዞ እንደምንም ተነሣ፤ ዳኛው ግን አስቆሙት። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ሳተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበርና ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም ከቀናት በኋላ ሞተ። የዓለም ቦክስ ካውንስል ሳይውል ሳያድር የሻምፒዮና ፍልሚያን ወደ 12 ዙር ዝቅ አደረገ፤ ሌሎቹ ማኅበራት ግን ለመከተል ዓመታት ወሰደባቸው።

ዙሩ ስለቀነሰ አደጋው ቀረ ማለት። ቤኒ ፓሬት በ1962 ኒውዮርክ ውስጥ በኤሚል ግሪፊዝ ተመትቶ ለሞት የበቃው በ12ኛው ዙር ነው። የዛሬው ሕግ ያኔ ቢኖርም ባላዳነው ነበር።

ሳያገግሙ መመለስ። ይኸው ፓሬት ከዚያ ፍልሚያ በፊት አራት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በጂን ፉልመር ክፉኛ ተመትቶ በዝረራ ተሸንፎ ነበር። ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ራሱን ያዞረውን ልጅ «ውሃ ተጎንጭና ቀጥል» የሚል አሠልጣኝም ያው ስህተት ውስጥ ነው። የዞረበት ልጅ የዚያን ቀን ጓንቱን ያውልቅ፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስ።

ለሚዛን ብሎ ውሃ መከልከል። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ምራቅ መትፋት፣ እንፋሎት ውስጥ መቀመጥ። ኪምም ከፍልሚያው በፊት ክብደቱን ለማውረድ ተቸግሮ ነበር። ኪሎው በዚህ መንገድ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ምድቡን መቀየር ነው።

የራስ መከላከያ አንጎልን ይጠብቃል ብሎ ማመን። ቅንድብ እንዳይተረተር ይረዳል። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ ግን አያደርግም።

ፎጣ መወርወርን፣ ማለትም አሠልጣኙ ፍልሚያውን ማስቆሙን፣ እንደ ውርደት መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ። በጁላይ 2019 ሜሪላንድ ውስጥ ከ11ኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ ባዲ ማክገርት ቦክሰኛውን ማክሲም ዳዳሼቭን «ላስቁመው» እያለ ለመነው። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ እምቢ አለ። ማክገርት እምቢታውን አልተቀበለም፤ አስቆመው። ዳዳሼቭ ያም ሆኖ ከቀናት በኋላ ሞተ። የሚዋጋ ሰው መቼም ቢሆን «በቃኝ» አይልም፤ ስለዚህ ውሳኔው ለእሱ አይተውም። ተመልካች ቢያፏጭ ያፏጭ።

አምቡላንስ ካለ በቂ ነው ማለት። ማይክል ዋትሰን በ1991 ለንደን ላይ ሲወድቅ በሪንጉ ዳር የሚገባው የአስቸኳይ ሕክምና ዝግጅት አልነበረም። መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታልም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ስላልነበረው እንደገና ወደ ሌላ ተዛወረ። ዋትሰን ተረፈ፤ የብሪታኒያን ቦክስ ቦርድ ከሶም አሸነፈ። እንግዲህ ውድድር አዘጋጅ ከሆናችሁ፣ ከመጀመሪያው ደወል በፊት የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ፣ ተረኛ ሐኪም መኖሩንም አረጋግጡ።

«ተኛ፣ ይሻልሃል» ብሎ ወደ ቤት መላክ። ከፍልሚያ በኋላ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ ማስታገሻ አይሰጠው፤ በቀጥታ ሆስፒታል ይወሰድ። አሸንፎም ቢሆን።